አራት ዲግሪ

የብረት ቀን ሊደርስ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው የቆርኬ በር ሰዎች እንደ ልማዳቸው የበራቸውን ሰሌዳ መወልወል ጀመሩ። ሰሌዳው ከመዳፍ አይበልጥም። ላዩ ላይ «ዝግ» የሚል ቃልና አንድ ቁጥር አለ። ፋርማሲው ዝግ 88 ነው፤ ልብስ ሰፊው ዝግ 212። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በራሱ በኩል ዝግ 14፣ በሚስቱ በኩል ዝግ 305 ስለሆነ ሁለት ሰሌዳ ሰቅሏል፤ በዚህም ይኮራል። በቆርኬ በር ሽማግሌ ልኮ ልጃገረድ የሚያስጠይቅ ሰው ዘሩ ከመቆጠሩ በፊት ዲግሪውን ይጠየቃል።

ዲግሪው የሚቆጠረው ከዳማ ነው። ዳማ ታንክ ነው። ከተማው ብረት ከሌለው ከተማ አይባልም በተባለበት ዘመን፣ ከበሩ ሥር ካለው ገደል ውስጥ ተገልብጦ፣ በሆዱ ወይራ በቅሎበት ተገኘ። ጎትቶ ለማውጣት አንድ ክረምት፣ ለማደስ አራት ዓመት ፈጀ። ዝገቱ ተፋቀ፣ ሰንሰለቱ ተቀጠለ፣ ሞተሩ በባትሪ ተተካ፣ መድፉ ከኋላው ተበየደ። ባቄላ እንኳ መተኮስ አይችልም። የፈረስ ስም ያወጡለት ቀለም ቀቢዎቹ ናቸው፤ ስሙም ጸና።

በመጀመሪያው ዓመት፣ ዳማ አደባባይ በወጣበት ቀን፣ አፈሙዙ ወደ ምዕራብ ዞሮ ነበር። ማንም ያሰበበት አልነበረም። ሕዝቡ እያጨበጨበ ሳለ አንዲት አሮጊት ከተቀመጡበት ተነሡና «ልጆቼ፣ አገሬ በዚያ በኩል ነው። እባካችሁ አዙሩልኝ» አሉ። ማስረጃ የጠየቃቸው የለም። አዞሩላቸው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሌላ ሰው ተነሣ። ለእርሱም አዞሩለት። በዚያ ቀን ዳማ አስራ አንድ ጊዜ ዞረ፤ የተፈናቀለና የተፈናቀለ ልጅ ያልሞላበት ከተማ ስላልነበረ ወሬው ወዲያው አገር አዳረሰ። በሁለተኛው ዓመት ልማዱ ደንብ ሆነ፤ ስሙም «አዙሩልን» ተባለ። በታንኩ ዙሪያ እስከ ሃምሳ ኪሎ ሜትር አገር ያለው ሰው፣ በሦስት ምስክር ፊት የአገሩን ስም ከጠራ፣ ያ አቅጣጫ ለዘላለም ይዘጋል፤ አፈሙዝ አይቀናበትም። ስሙን የሚጠራው ግን ከዚያ አገር ሰዎች መካከል በቦታው የተገኘው ታላቅ ነው። ታናሽ ታላቁን ቀድሞ የአገር ስም ቢጠራ አቅጣጫው መዘጋቱ አይቀርም፤ ሰውየው ግን ከዚያ በኋላ ለቅሶ ቤት ሲገባ የሚነሣለት አያገኝም።

አስራ ዘጠኝ ዓመት አለፈ። ከሦስት መቶ ስልሳው ዲግሪ ሦስት መቶ ሃምሳ ስድስቱ ተዘጋ። የቀረው ከአርባ ሰባት እስከ ሃምሳ አንድ ያለው፣ በሁለት ኮረብታ መካከል ወደ ቆላው የሚያሳልፍ ጠባብ ክፍተት ነው። መዝገቡ ላይ በዚህ አቅጣጫ ፊት ለፊት አንድ ቃል ተጽፏል፤ «ሰው አልባ»።

ይህን ቃል የጻፈችው ኖላዊት ናት።

ኖላዊት የከተማው ለኪ ናት። አርባ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ስለሆነ በስብሰባ ላይ ሁለት ጊዜ እንድትናገር ትጠየቃለች። ሥራዋ በባለሦስት እግሩ መነጽር አቅጣጫውን መለካት፣ አፈሙዙ ከተፈቀደለት መስመር በፀጉር ስፋት እንኳ እንዳይወጣ መጠበቅ፣ በበዓሉ ቀንም ሕዝቡን መጠየቅ ነው። ለኪ የሚሆን ሰው እንዳያዳላ ሲባል አገሩ ገና ባልተዘጋ አቅጣጫ መሆን የለበትም፤ ከተማው ራሱ ቀድሞ ስለተዘጋ የከተማው ተወላጆች ብቻ ይቀጠራሉ። ስትቀጠር ቅጹ «አገር» ብሎ ጠይቋት «ቆርኬ በር» ብላ ሞላች። እውነቱን ለመናገር የተወለደችው እንኮይ አፋፍ ነው፤ በአርባ ዘጠኝ ዲግሪ፣ አስራ አንድ ኪሎ ሜትር ላይ። እናቷ ሲሞቱ አጎቷ በስድስት ዓመቷ ወደ ከተማ አመጧት። ምንጩ ሲደርቅ የቀሩትም ሰዎች ወጡ። ቅጹን በሞላችበት ዓመት ከሦስት መቶ የሚበልጥ ዲግሪ ክፍት ነበር። አራት ዲግሪ ማን ይፈልጋል ብላ ነበር።

አጎቷን ጋሽ ስጦታውን የማያውቅ የለም። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸው እስኪደክም ድረስ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነበሩ። ለብረት ቀን ከቤት ወጥተው አያውቁም። ኖላዊት በዓሉን ጨርሳ ስትገባ በየዓመቱ አንድ ጥያቄ ይጠይቋታል።

«ወዴት አዞራችሁት?»

«ወደ በረሃው።»

«በረሃው ጥሩ ነው» ይላሉ፤ ከዚያም ራት ይቀርባል።

በዘንድሮው ዓመት፣ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ ጥያቄው ቀድሞ መጣ። ሰሌዳቸውን ትወለውል ነበር፤ የከተማው ሰሌዳ ነው፣ ዝግ 190። ጋሽ ስጦታው ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያይዋታል።

«አራት ብቻ ቀረ አሉ» አሏት።

«ማን አለዎት?»

«ፀጉር አስተካካዩ። ሲላጭ ወሬ ካላወራ ምላጩ አይቆርጥለትም። እውነት ነው?»

«እውነት ነው ጋሼ።»

«የትኛው አራት?»

እጇ ሰሌዳው ላይ ቆመ። «የበረሃው።»

ጋሽ ስጦታው አንገታቸውን ነቀነቁ። «ዘንድሮ እመጣለሁ» አሉ።

«ለብረት ቀን?»

«ለብረት ቀን። ከፊት አስቀምጪኝ። ከኋላ ሆኜ የሰው ጀርባ ሳይ አልውልም።»

በዚያ ሳምንት ኖላዊት እንቅልፍ አጣች። ለምን ሊመጡ እንደፈለጉ ገባኝ ብላለች። ሊናገሩ ነው። ሲናገሩ አራቱ ዲግሪ ይዘጋል፤ የለኪዋ አጎት የእንኮይ አፋፍ ሰው ከሆነ ለኪዋም የዚያው ሰው ናት፤ አስራ ዘጠኝ ዓመት የፈረመችበት መዝገብ ሁሉ ውሸት ይሆናል። ሥራዋ ይቀራል፤ ምናልባትም ፍርድ ቤት ትቆማለች። ይህን ስታስብ ትፈራለች። ከፍርሃቱ ሥር ግን ሌላ ነገር ነበር፤ ለራሷ እንኳ ስም ያላወጣችለት። ይናገሩ እንጂ፣ ትላለች በልቧ። እርሳቸው ይናገሩና ይለቅልኝ።

በአደባባዩ ዳር ጥላ ሥር ዳማ ላይ ወጥቶ አፈሙዙን በዘይት የሚያሸው ኢዮስያስ ነው። የታንኩን ጭንቅላት የሚያዞረው እርሱ ብቻ ነው፤ በወታደርነት አንድ ቀን ባያገለግልም ከተማው ሻምበል ይለዋል።

«እትዬ ኖላ፣ የሰላም ድንጋይ ከተማ ሰዎችን ጉድ ሰማሽ?»

«ምን ሆኑ?»

«ዲግሪ አለቀባቸው አይደል? አፈሙዙን ነቅለው በቦታው የአበባ ማሰሮ ሰኩበት። ጽጌረዳ! ታንክ ላይ!» በጨርቁ ግንባሩን ጠረገ፤ ግንባሩ ጠቆረ። «ጅራቱ የተቆረጠ በሬ ይሻላል፤ እርሱ ቢያንስ ያርሳል። በበዓላቸው ስንት ሰው እንደመጣ ታውቂያለሽ? የሙሽራ ፎቶ የሚያነሣው ሰውዬ እንኳ እኛ ጋ ተዛውሯል።»

«ምናልባት አበባ ሳይሻል አይቀርም።»

«አንቺ ደግሞ! አፈሙዝ የሌለው ታንክ እኮ የውሃ ታንከር ነው። አራቷን ዲግሪ እንደ ዓይንሽ ብሌን ጠብቂልን። እኔ ሦስት ልጅ አለኝ።»

ሳቀ። እርሷም ሳቀች፤ ከዚያ መነጽሩን ወደ አርባ ዘጠኝ አዙራ አየች። በየቀኑ ማየት ሥራዋ ነው። የፈረሱ የድንጋይ ቤቶች፣ ሁለት የእንኮይ ዛፎች፣ ከኋላቸው አፋፉ። በመነጽሩ መሐል ያለው ቀጭን መስቀል ሲያርፍ የሚያርፈው ከሁለቱ ዛፎች ግራ፣ እናቷ ቤት ላይ ነው። ይህ የሆነው በእርሷ ምርጫ አይደለም፤ የአራቱ ዲግሪ መካከል እዚያ ላይ ስለሚውል ነው።

በመጀመሪያው የበዓል ቀን ሦስት ሰዓት ላይ አደባባዩ ሞላ። ከሌላ ከተማ የመጡ እንግዶች ድንኳን ሥር ተቀምጠዋል። ሙሽሮች ተራ ይዘዋል። የበዓሉ ሰብሳቢ ወይዘሮ ሀሴት፣ ረጅም ቀጠን ያሉ ሴት፣ ድምፅ ማጉያውን ለኖላዊት ሰጧት። ጋሽ ስጦታው ከፊተኛው ረድፍ መካከል ተቀምጠዋል፤ ቡናማ ኮታቸውን ለብሰው፣ አንድ እግራቸውን ዘርግተው፣ ሁለት እጃቸውን ከዘራቸው ላይ ጭነው።

የሚጠየቀው ሦስት ጊዜ ነው።

«ከአርባ ሰባት እስከ ሃምሳ አንድ» አለች ኖላዊት። «በዚህ በኩል አገር ያለው ሰው አለ?»

ሕዝቡ ጸጥ አለ። በዚህ ጊዜ ጸጥ ማለት ደንብ ነው፤ ሕፃን የያዙ ሴቶች ጡት ያጎርሳሉ።

ጋሽ ስጦታው ዝም አሉ።

«በዚህ በኩል አገር ያለው ሰው አለ?»

ጋሽ ስጦታው ሳሉ። ጉሮሯቸውን ብቻ ነበር የጠረጉት። ከዘራቸውን ከቀኝ ወደ ግራ አዛወሩና ቀና ብለው አዩአት። እርሷም አየቻቸው። ሌላው ሰው ይህን ቢያይ አጎትና የእህት ልጅ ተያዩ ከማለት ያለፈ ነገር አያስብም። እየለመነቻቸው ነበር። በዓይኗ ይበሉ፣ ይነሡ፣ እርስዎ ታላቅ ነዎት ትላቸው ነበር።

«በዚህ በኩል አገር ያለው ሰው አለ?»

ሦስተኛው ጥያቄ ሲያልቅ ለኪ እስከ አስር ትቆጥራለች። ኖላዊት እስከ ሃያ ቆጠረች። ወይዘሮ ሀሴት በክርናቸው ነካ አደረጓት።

«መልስ የለም» አለች። «ክፍት ነው።»

ጭብጨባው አደባባዩን ሞላው። ኢዮስያስ የታንኩን ጭንቅላት አዞረ፤ አፈሙዙ በቀስታ፣ እንደ ጠገበ በሬ፣ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ዞሮ ቆመ። ኖላዊት በመነጽሩ አረጋገጠች። አርባ ዘጠኝ። ፈረመች።

ምሳ የበሉት ቤት ነው፤ ለብቻቸው። ሽሮው ቀዝቅዞ ነበር፤ ሁለቱም አልነኩትም ማለት ይቻላል። መጀመሪያ የጠየቀችው እርሷ ናት።

«ለምን ዝም አሉ ጋሼ?»

ጋሽ ስጦታው እጃቸውን ከሰሐኑ መለሱ። «አንቺስ?»

«እኔማ… እርስዎ ከፊቴ ተቀምጠው እንዴት ብዬ ነው የምቀድመው? የአገር ስም እኮ ነው።»

«እኔ ደግሞ አንቺ ሸሽገሽ ያኖርሽውን በአራት ሺህ ሰው ፊት ልገልጥብሽ? እንጀራሽ አይደለም ወይ?»

«ያውቁ ነበር ማለት ነው?»

«አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወደ በረሃው ስትዪኝ ፀሐይ በየት እንደምትወጣ የረሳሁ መስሎሽ ነበር?»

ኖላዊት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሲቆይ «ታዲያ ለምን መጡ?» አለች ከውስጥ ሆና።

«እንድታዪኝ ነዋ። አራት ብቻ ቀረ ሲሉኝ፣ ከፊቷ ብቀመጥና ብታየኝ ዘንድሮስ ትናገራለች፣ እሷው በአፏ ትለዋለች፣ አልኩ። አንቺ ብትዪው ጥፋት አይሆንም፤ መመለስ ነው። እኔ ብለው ግን ማጋለጥ ነው።»

«እኔ ደግሞ ሊናገሩ የመጡ መስሎኝ… ከፊት ያስቀመጥኩዎት ድምፅዎ እንዲሰማ ነበር።»

ጋሽ ስጦታው ይህን ሲሰሙ ፈገግ ለማለት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። «ጨዋ አድርጌ ነው ያሳደግኩሽ» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም። ያ ነው የከፋው።

ውጭ ሙዚቃው ይሰማል። የብረት ቀን ሦስት ቀን ነው የሚቆየው፤ በሦስቱም ቀን አፈሙዙ ከቆመበት አይነቃነቅም። አንዴ «ክፍት» ከተባለ በኋላ በዚያ ዓመት «አዙሩልን» ማለት አይቻልም።

«እስከ ነገ ወዲያ ማታ እንደዚያው ይቆማል?» አሉ ጋሽ ስጦታው።

«ይቆማል። ነገ ወዲያ ስድስት ሰዓት ላይ ድም ይባላል፣ ማታ ይወርዳል።»

ድም ማለት ይህ ነው፤ ዳማ መተኮስ ስለማይችል በመዝጊያው ቀን እኩለ ቀን ላይ ሕዝቡ በአንድ አፍ «ድም!» ብሎ ይጮኽለታል። ከሌላ ከተማ ሰው የሚመጣው ለዚህ ነው። አራት ሺህ ሰው አንድ ላይ ሲል የሱቅ መስኮት ይርገበገባል። ከጩኸቱ በፊት ለኪዋ በመነጽሯ አይታ «መስመሩ ባዶ ነው» ማለት አለባት። በመስመሩ ላይ መንገደኛ ወይም እረኛ ካለ እስኪያልፍ ይጠበቃል። በአስራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተጠብቋል፤ አንዴ ለግመል ነጋዴዎች፣ አንዴ ለጠፋባት አህያ ለምትሮጥ ሴት።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ስጦታው ተነሥተው ኮታቸውን ለበሱ። ቆሎ በከረጢት፣ ውሃ በጆግ ይዘዋል።

«ወዴት ነው?»

«የድንጋይ መጫኛዋ መኪና በአፋፉ ሥር ታልፋለች። ያለ ነጂ በራሷ ስለምትሄድ ለምን ተሳፈርክ ብሎ የሚጨቀጭቀኝ የለም።»

«እንኮይ አፋፍ? ብቻዎን? ጋሼ፣ እዚያ እኮ ማንም የለም!»

«ብለሽማ ጽፈሻል።»

የተናገሩት ካሰቡት በላይ እንደከበደ አውቀው ድምፃቸውን አለዘቡ።

«ስሚኝ ልጄ። አፈሙዝ ሰው ላይ ሲቀና ነውሩን የሚያይ አለ፤ ቢያንስ የተቀናበት ሰው ያያል። ባዶ ቤት ላይ ሲቀና ግን ማን ይየው? ሁለት ቀን ነው። አንድ ሰው እዚያ ይቀመጥ። በእናትሽ ቤት።»

«አብሬዎት ልሂድ።»

«አንቺ ከብረቱ አጠገብ መቆም አለብሽ፤ ደንብ ነው። ደንብ አታፍርሺ።»

«ስልክዎን እንኳ ይያዙ።»

«እዚያ ማን ይደውልልኛል?» አሉና ስልኩን ከትራሳቸው ሥር ትተው የእጅ ሰዓታቸውን ሞልተው ሄዱ።

በዚያ ቀን ኖላዊት መነጽሩ ላይ አስራ አራት ጊዜ አጎነበሰች። ከቀትር በኋላ አየቻቸው። ከስንዴ ፍሬ አይበልጡም ነበር። ግን አንድ እግር ተዘርግቷል፤ እንደዚያ የሚቀመጥ ሌላ ሰው አታውቅም። በግድግዳው ጥላ ተቀምጠዋል፤ ቀጭኑ መስቀል በደረታቸው ያልፋል። ቀና ብላ ዙሪያዋን አየች። ሙሽሪት አፈሙዙን ታቅፋ ፎቶ ትነሣለች፤ ኢዮስያስ «ፈገግ፣ ፈገግ በዪ፣ አይናከስም!» እያለ ያስቃታል።

በሦስተኛው ቀን ለስድስት ሰዓት አስር ደቂቃ ሲቀር ሕዝቡ ከድንኳኑ ወጥቶ ዳማን ከበበ። አባቶች ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ አወጡ። ወይዘሮ ሀሴት ድምፅ ማጉያውን ያዙ።

«ለኪ፣ መስመሩ?»

ኖላዊት አጎነበሰች። ነበሩ። ከግድግዳው ጥላ ወጥተው ደጃፉ ላይ ቆመዋል፤ ፊታቸው ወደዚህ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ሦስቱን ጥያቄዎች አሰበች። በዚያን ጊዜ ከፊቷ ታላቅ ተቀምጦ ነበር። አሁን ከፊቷ የነበረው ወንበር ባዶ ነው።

«ሰው አለ» አለች።

ድምፅዋ እንደወትሮው ዝቅ ያለ ነበር። ወይዘሮ ሀሴት ማጉያውን ወደ አፏ አስጠጉላት፤ ደገመችው። «መስመሩ ላይ ሰው አለ።»

«መንገደኛ ይሆናል። እስኪያልፍ እንጠብቀው» አሉ ወይዘሮ ሀሴት ለሕዝቡ በፈገግታ።

«አያልፍም።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«አገሩ ነው።»

የወይዘሮ ሀሴት ፈገግታ ሳይወርድ ደረቀ። ማጉያውን በእጃቸው ሸፍነው «የማን አገር?» አሉ ዝቅ ብለው።

«የአጎቴ። የእኔም።» ኖላዊት ማጉያውን ከእጃቸው ወሰደች፤ እንዲህ አድርጋ አታውቅም። «እንኮይ አፋፍ ይባላል። እዚያ ነው የተወለድኩት። ሰው አልባ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ከሕዝቡ ኋላ አንዲት ሴት «አስራ ዘጠኝ ዓመት የት ነበርሽ ታዲያ?» ብላ ጮኸች። ስድብ አልነበረም፤ ጥያቄ ነበር። ሌላው «ተዪዋት» አለ፤ ሌላው «እንዴት ተዪዋት ትላለህ?» አለ፤ ጉርምርምታው ተነሣ።

ወይዘሮ ሀሴት ረጅም ጊዜ አፈሙዙን አዩ። «ደንቡ እንግዲህ ጊዜው አልፏል ይላል» አሉ ለራሳቸው ያህል። «መስመር ላይ ሰው ካለ ደግሞ ድም አይባልም ይላል።» ከዚያ ወደ ታንኩ ቀና ብለው «ሻምበል፣ ደፋው» አሉ።

«ወዴት ልድፋው እትዬ? የሚዞርበት የለም እኮ።»

«ወደ መሬት።»

ኢዮስያስ አንድ ጊዜ ወደ ኖላዊት ተመለከተ። የጠበቀችው ንዴት ነው፤ ያየችው ግን ንዴት አልነበረም፤ ቤቱ ስለሚጠብቁት ሦስት ልጆች የሚያስብ ሰው ፊት ነበር። አፈሙዙ ተንቋቋ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከአድማስ በታች ወረደ፤ አስፋልቱን ሊነካ ስንዝር ሲቀረው ቆመ።

ስድስት ሰዓት ሆነ። ማንም አልጮኸም። አራት ሺህ ሰው ለመጮኽ የሳበውን ትንፋሽ ቀስ አድርጎ መለሰ፤ የሚሰማው እርሱ ብቻ ነበር፤ ሰው ከብዶት ሲቀመጥ እንደሚያወጣው ያለ ድምፅ።

ኖላዊት ወደ መነጽሩ ተመለሰች፤ አይዞዎት፣ ተባለልዎ ማለት ፈልጋ ይመስላል፤ በመነጽር መናገር ይቻል ይመስል።

ጋሽ ስጦታው ደጃፉ ላይ አልነበሩም። ዝቅ አድርጋ ፈለገቻቸው። መሬት ላይ ናቸው። መጀመሪያ የወደቁ መሰላት፤ ከዚያ አለመውደቃቸውን አየች። ከዘራው ከጎናቸው ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፤ የወደቀ ሰው ከዘራውን እንደዚያ አያኖርም። በሆዳቸው ተኝተዋል፤ እግራቸው ገጥሟል፤ ሁለት እጃቸው ማጅራታቸው ላይ ተቆላልፏል። የሰባ ስምንት ዓመት ሽማግሌ በጉልበቱ፣ በመዳፉ፣ በክርኑ እያለ፣ ሰዓቱን አይቶ፣ በጊዜው ተኝቷል። እንዲህ አድርገህ ትተኛለህ ብሎ በልጅነታቸው ያስተማራቸው ሰው ማን እንደሆነ ነግረዋት አያውቁም። እርሷም ጠይቃቸው አታውቅም።

አምስት ደቂቃ ሆነ። አልተነሡም።

አስር ደቂቃ ሆነ። ከኋላዋ ወንበር ይታጠፋል፤ ሰው እያጉረመረመ ይበተናል። ቆላው ላይ ፀሐዩ ይንቀለቀላል። ጋሽ ስጦታው እንደተኙ ናቸው። ያን ጊዜ ገባት። ጩኸቱን እየጠበቁ ነው። የሚሰማ ነገር ተሰምቶ ሳያልፍ አይነሡም፤ ዛሬ ደግሞ የሚሰማ ነገር የለም። አልፏል የሚላቸው ሰው በዚያ በኩል አልነበረም።

ኖላዊት መነጽሩን ሳትከድን ወደ አፋፉ የሚወስደውን ቁልቁለት ያዘች።